ኤርፈርትና ጎታ፦ ከፍራንክፈርት የሁለት ቀን ጉዞ

ፍራንክፈርት ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ሁለት ባዶ ቀን የተረፈው ሐበሻ ቤተ መንግሥት ማየት ካማረው፣ ሁሉም የሚጠቁመው ኖይሽቫንስታይንን ነው። ውበቱ አያጠያይቅም፤ ግን ሩቅ ነው፣ ሰዉም ይጋፋል። አማርኛ አንባቢ ለሆነ መንገደኛ ኤርፈርት ከተማና አጠገቧ ጎታ ላይ ያለው የፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ይሻሉታል። የመጀመሪያውን የአማርኛ ሰዋስው ያሳተመው ሂዮብ ሉዶልፍ በ1624 የተወለደው ኤርፈርት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። መምህሩ አባ ጎርጎርዮስ፣ የአምሐራ መካነ ሥላሴው ሊቅ፣ በ1652 በጎታው መስፍን በኤርንስት ግብዣ መጥተው ፍሪደንሽታይን ሰንብተዋል።

ቀኑ ሰኞ እንዳይሆን። የፍሪደንሽታይን ሙዚየሞችም ሆኑ የኤርፈርቱ አሮጌ ምኩራብ ሰኞ ዝግ ናቸው። ቅዳሜና እሑድ ይመቻል፤ እሑድ አብዛኛው ሱቅ ስለሚዘጋ ስንቅዎን ቅዳሜ ይያዙ። ማደሪያ ኤርፈርት ባቡር ጣቢያ አካባቢ ይያዛል።

አሁን ወደ ባቡር ቲኬቱ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለው ያንብቡ።

ከፍራንክፈርት ኤርፈርት በፈጣኑ ባቡር፣ በአይ ሲ ኢ፣ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። በስልክ መተግበሪያው ላይ ዋጋ ሲፈለግ ከላይ የሚመጣው ርካሹ ቲኬት ሱፐር ሽፓርፕራይስ ይባላል። ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለው፤ የሚያገለግለው ለተመረጠው ባቡር ብቻ ነው። የ9፡05ን ባቡር ገዝተው በ9፡06 ቢደርሱ ቲኬቱ አበቃለት። ቀጣዩ ባቡር ባዶውን ቢሄድ እንኳ በዚያ ቲኬት አይሳፈሩበትም፤ ገንዘቡም አይመለስም።

የዘመድ ቤትን ጠዋት ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቁርስ ይቀርባል፣ ቡና ይፈላል፣ አቦል ብቻ ጠጥቶ መነሣት ነውር ነው፣ እትዬ ደግሞ «ባቡር ሞልቷል፣ ምን ያስቸኩላል?» ይላሉ። ባቡር በእርግጥ ሞልቷል፤ የእርስዎ ግን አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ወይ በረፋዱ የሚነሣውን ይምረጡ፣ ወይ ጨምረው ፍሌክስፕራይስ የተባለውን ይግዙ። እሱን የያዘ በዕለቱ በመጣለት ባቡር ይሄዳል።

ጥፋቱ የባቡሩ ከሆነ ነገሩ ይለያል። መድረሻዎ ላይ 20 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ እንደሚዘገይ ከታወቀ በተመረጠው ባቡር ብቻ የመሄድ ግዴታው ይነሣልዎታል፤ በሌላ ባቡር መሄድ ይችላሉ። ዘመድዎ የሚኖሩት ከከተማው ዳር ከሆነ ደግሞ ቲኬቱን ሲገዙ መነሻውን ዋናው ጣቢያ አያድርጉት፤ የሰፈሩን ጣቢያ ስም ያስገቡ። የሰፈሩ ባቡር ዘግይቶ ፈጣኑ ቢያመልጥዎት፣ ሁለቱም በአንድ ቲኬት ላይ ስላሉ መብትዎ ይጠበቃል። ለየብቻ የገዛ ሰው ግን የሚከራከርበት ነገር የለውም።

ሌላም አለ። ዘመድ በደግነት «የእኔን የወር ቲኬት ያዝ» ሊል ይችላል። ዶይችላንድ ቲኬት የባለቤቱ ስም ያለበት ነው፣ ለሌላ ሰው አይተላለፍም፣ አይ ሲ ኢ ላይም አይሠራም። ተቆጣጣሪው መታወቂያ ይጠይቃል፤ ቅጣቱ ከ60 ዩሮ ይጀምራል። በእሺታ ተቀብሎ ኪስ ውስጥ ከመክተት በፈገግታ መመለስ ይሻላል።

ኤርፈርት ሲደርሱ ከጣቢያው ወደ መሀል ከተማ በእግር ይኬዳል። ክሬመርብሩከ ዳር እስከ ዳር ቤት ስለተሠራበት ላዩ ላይ ሲራመዱ ተራ ጎዳና ይመስላል፤ ወደ ወንዙ ካልወረዱ በ1325 የታነጸ የድንጋይ ድልድይ መሆኑ አይታይም። ስለዚህ ይውረዱ። ካቴድራሉ ማርቲን ሉተር በ1507 ቅስና የተቀበለበት ነው፤ ግሎሪዮሳ የተባለው ደወሉ በ1497 የተሠራ ሲሆን ከ11 ቶን በላይ ይመዝናል። በየጥጉ የሚጠበሰውና ጢሱ የሚጠራዎት የቱሪንገን ቋሊማ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ ነው፤ ለማይበላ ሰው አስቀድሞ ማወቁ ይበጃል።

እሑድ ጠዋት ጎታ። በክልሉ ባቡር ከግማሽ ሰዓት በታች ነው። ብዙ ሆነው የሚጓዙ ከሆነ የቱሪንገን ቲኬት እስከ አምስት ሰው ያደርሳል፤ የተጓዦቹ ስም ይጻፍበት፣ በሥራ ቀን ደግሞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት (በጀርመን አቆጣጠር 9፡00) በፊት እንደማያገለግል አይርሱ። ለብቸኛ መንገደኛ ግን ተራው ቲኬት ያዋጣል።

ቤተ መንግሥቱ በ1643፣ የሠላሳው ዓመት ጦርነት ሳያበቃ ነበር መገንባት የጀመረው። ከመግባትዎ በፊት የሰሜኑን በር ቀና ብለው ይመልከቱ፦ ሰላምና ጽድቅ በሴት አምሳል ተቀርጸው ይሳሳማሉ። ዳዊት የደገመ ሰው የትኛው መዝሙር እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። ሉዶልፍ አባ ጎርጎርዮስን ስለ አገሩ፣ ስለ ነገሥታቱና ስለ ቋንቋው ሲጠይቅ የሰነበተው በዚህ ነው። የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፉ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱ በ1698 ታትመዋል። አባ ጎርጎርዮስ ይህን አላዩም፤ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ላይ ሞተዋል። ይህን ታሪክ ከቤት አንብበው ቢሄዱ ክፍሎቹ ሌላ መልክ ይይዛሉ።

ጊዜ ካጠረ የሸክላውንና የወርቁን ዕቃ አለፍ አለፍ ብለው ሁለት ቦታ ይቁሙ። አንደኛው ሥዕሎቹ ጋ ነው፦ በ1979 በሌሊት የተሰረቁ አምስት ሥዕሎች 40 ዓመት ጠፍተው ከቆዩ በኋላ ተመልሰዋል። ሁለተኛው ኤክሆፍ ቲያትር ነው። የ17ኛው መቶ ዘመን የእንጨት ማሽን ከመድረኩ ሥር አለ፤ ሠራተኞች በእጅ ሲያዞሩት የግራና የቀኙ ሥዕል መጋረጃ በአንድ ጊዜ ተንሸራቶ ደን የነበረው አዳራሽ ይሆናል። በበጋ ትርኢት ይታይበታል።

ለመመለስ ወደ ኤርፈርት መዞር አያስፈልግም። ጎታ በፍራንክፈርቱ መስመር ላይ ናት፤ እዚያ የሚቆም ፈጣን ባቡር ፈልገው የመመለሻውን ቲኬት ከመጀመሪያው ከጎታ ይግዙት። ሻንጣው ቤተ መንግሥት ድረስ አብሮዎት ስለሚሄድ ትንሽ ይሁን።