የማንወደውን ባለታሪክ እንዴት እናንብብ?

ልብ ወለድ ስናነብ ዋናውን ባለታሪክ ወዳጃችን ለማድረግ እንቸኩላለን። ደግና እውነተኛ ሆኖ ካላገኘነውም «መጽሐፉ አይረባም» ብለን እናስቀምጠዋለን። እኔም ባለፈው ክረምት የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ከግማሹ ላይ ዘግቼው ነበር። ኋላ ግን ጉድለቱ የመጽሐፉ ሳይሆን የእኔ አነባበብ መሆኑን ስለ ተረዳሁ፥ ለትምህርት ጓደኞቼ ይጠቅማል ያልሁትን ጥቂት አሳብ ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

«ኦሮማይ» የታተመው በ1975 ዓ.ም. ነው። ታሪኩ በ1974 ዓ.ም. ደርግ በኤርትራ ስላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሲሆን፥ ተራኪው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም የተባለ ጋዜጠኛ ነው። ሥራው የዘመቻውን ፕሮፓጋንዳ መምራት ነው። እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ አሥመራ ሲደርስ የፊያሜታ ፍቅር ይይዘዋል። ትምክሕተኛና ቃሉን የማይጠብቅ ሰው ሆኖ ስለ ታየኝ ጠላሁት።

በውጭ አገር ጽሑፍም እንዲህ ያለ ባለታሪክ አለ። በከዋክብት መካከል የሚደረገውን ጦርነትና ጉዞ የሚተርከውን ልብ ወለድ «ስፔስ ኦፔራ» ይሉታል። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ኤምሊ ቴሽ በ2015 ዓ.ም. ያሳተመችው «ሰም ዴስፐሬት ግሎሪ» ከዚሁ ወገን ሲሆን፥ በ2016 ዓ.ም. የሁጎን ሽልማት አግኝቷል። ባለታሪኳ ካይር የ17 ዓመት ልጃገረድ ናት። ምድር ከጠፋች በኋላ ጋያ በሚባል የጠፈር ጣቢያ ለበቀል ብቻ አድጋለች። ለጓደኞቿ አትራራም፤ ጣቢያውን ጥላ የሄደችውን እኅቷንም ከሐዲ ትላታለች። የሁለቱ ልዩነት ይህ ነው፤ ካይር ከሕፃንነቷ የተሰበከች ስትሆን ጸጋዬ ግን ሰባኪው ራሱ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ስናነብ ሦስት ነገሮችን ልብ ብንል ይጠቅመናል።

አንደኛ፥ ተራኪውንና ደራሲውን መለየት ነው። በዓሉ ግርማ ራሱ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበረ፤ በዘመቻውም አሥመራ ላይ ሠርቷል። ይሁን እንጂ መጽሐፉ የዘመቻው ውዳሴ አይደለም። ለዚህም ምስክሩ የደረሰበት ነገር ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም።

ሁለተኛ፥ ቃላቱን መመርመር ነው። «እኛ» ሲል እነማንን ነው? «ጠላት» ሲልስ? በዚያን ዘመን በኤርትራ በረሃ ይዋጉ የነበሩት በመንግሥት አፍ «ወንበዴ» ይባሉ ነበር። ሰው በስሙ መጠራት ከቀረ፥ ሲሞትም ሐዘኑ አይሰማም።

ሦስተኛ፥ እምነቱ የት ላይ እንደ ተሰነጠቀ መፈለግ ነው። ካይር ልቧ የሚናወጠው ወንድሟ ወደ ሞት በታዘዘ ጊዜ ነው። ጸጋዬም ወደ ናቅፋ ተራሮች ወጥቶ የወታደሩን እልቂት በዓይኑ ያያል። ሁለቱንም የሚያነቃቸው ክርክር ሳይሆን የሰው ነገር ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ግን ስለ መጽሐፍ ብቻ ብዬ አይደለም። «ኦሮማይ»ን ዘግቼ መደብ ላይ ባስቀመጥሁበት ቀን፥ የእናቴ ታላቅ ወንድም አንሥተው አዩትና ዝም አሉ። ቆየት ብለውም እንዲህ ሲሉ አጫወቱኝ። በ1970 ዓ.ም. እንደ እኔ የ18 ዓመት ልጅ ነበሩ። በቀይ ሽብር ጊዜ እዚሁ ጎንደር በቀበሌ ስብሰባ ላይ መፈክር ያሰሙ ነበር። የአንዲት ጎረቤት ልጅ በተወሰደ ማግስትም እጃቸውን አንሥተው አሰሙ።

«ጋሼ፥ ማን አስገደደዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ማንም አላስገደደኝ፤ አምኜ ነው» አሉኝ።

እኒያ እናት ዛሬም በሕይወት አሉ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አጎቴ ቀድመው ከመቀመጫቸው ተነሥተው እጅ ይነሣሉ፤ እርሳቸውም «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ያልፋሉ። ከዚህ በላይ አይነጋገሩም።

እኔ አጎቴን እወዳቸዋለሁ። ስለዚህ ጸጋዬን ከግማሽ መንገድ ትቼው ብቀር፥ አጎቴን ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ጥዬ እንደ መነሣት ሆኖ ታየኝ፤ መጽሐፉንም እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሬ ፈጸምሁት። መረዳት ማለት ግን ከበደል ነጻ ማውጣት አይደለም። ይቅርታውም የእኔ ወይም የአንባቢው ሳይሆን የእኒያ እናት ነው።

እንግዲህ ተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ የምትጠሉት ባለታሪክ ሲያጋጥማችሁ መጽሐፉን አትዝጉት። «ይህ ሰው ምን ነግረውት አመነ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎም «እኔስ ሳልመረምር የተቀበልሁት ቃል የትኛው ነው?» በሉ። ሁለተኛው ጥያቄ ከፊተኛው ይከብዳል፤ እኔም መልሱን ገና እየፈለግሁ ነው።