በክረምት ማለዳ በታንኳ ዓሣ ማስገር

በፎገራ የጣና ዳርቻ ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞችና ለዓሣ አስጋሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ትምህርት

1. መግቢያ

እንደሚታወቀው የፎገራ ሜዳ ስሙ የሚነሣው በሩዙና በፎገራ ከብቱ ነው። ይሁን እንጂ የሜዳው ምዕራባዊ ጠርዝ የጣና ሐይቅ በመሆኑ፣ በናበጋ፣ በዋገጠራና በአካባቢው ቀበሌዎች ሩዝ ዘርቶ፣ ከብት አርብቶ፣ በተረፈው ጊዜ ደግሞ በታንኳ ወጥቶ መረብ የሚጥል አርሶ አደር አለ። ከወረታ ተነሥቶ ስለ ሩዝ አረም ሊያስተምር የሚሄድ የልማት ሠራተኛ የሚያገኘው ሰው በማለዳ ከሐይቅ የተመለሰ አስጋሪ ሊሆን ይችላል። እኛ የሰብል ባለሙያዎች ሆነን ሳለ ስለ ዓሣ የምንጽፈው በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ ትምህርት ዓላማ አንድ ነው። ይኸውም በክረምት ማለዳ ከመረብ የሚነሣው ዓሣ ምን ዓይነት እንደሚሆን የሚወሰነው መረቡ በዋዜማው ማታ በተጣለበት ቦታ መሆኑን ማስረዳት፣ ቦታውንም ለመለወጥ ማኅበራት ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ ማመልከት ነው።

2. አንድ የነሐሴ ማለዳ

በአንድ ነሐሴ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከጉማራ ወንዝ አፍ ብዙም ሳንርቅ ከሁለት አስጋሪዎች ጋር ወደ ሐይቁ ወጣን። ታንኳው እንደ ወትሮው ከደንገል የታሰረ፣ አንድ ሰው ከነመረቡ፣ ቢበዛ ሁለት ሰው የሚይዝ ነበር። መቅዘፊያው የቀርከሃ ዘንግ ነው። ነፋስ አልነበረም። ጉማራ ከደጋው ያመጣው ደለል ውሃውን እስከ ሩቅ ድረስ አደፍርሶት ነበር።

ጎሕ ሲቀድ ሐይቁ ገበያ መሰለ። ታንኳዎች ከየአቅጣጫው ወደ ወንዙ አፍ ይቀዝፋሉ። ተንሳፋፊ ሆነው የታሰሩ የፕላስቲክ ጠርሙሶች በየቦታው ይታያሉ፤ የአንዱ መረብ በሌላው ላይ ተጥሎ የተጠላለፈም ነበር። ዓሣ የሚረከብ ባለ ሞተር ጀልባ ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ነፋስ የገፋው እምቦጭ መረብ ይዞ እንዳይሄድ አንዱ በዘንግ ይገፋል። ከብቶችም ለመጠጣት ወርደዋል።

የመጀመሪያው አስጋሪ መረቡን ከወንዙ አፍ ፊት ለፊት ጥሎት ነበር። መረቡ ሲነሣ ነጭ ዓሣ ሞልቶበታል። የአብዛኛው ሆድ የተወጠረ ሲሆን ጫን ሲሉት እንቁላል ይፈስሳል። እኛም በስብሰባ ስንመክር እንደኖርነው፣ እንቁላል ያለውን ወደ ውሃ እንዲመልስ ጠየቅነው። አስጋሪው አልተከራከረም። በሕይወት የነበሩትን ሁለቱን ለቀቀ፣ የቀሩትን አንድ በአንድ አንሥቶ አሳየን። ሁሉም ሌሊቱን ሞተዋል። የሞተ ዓሣ መመለስ ምን ይጠቅማል ሲል ጠየቀን፤ ምክራችሁን መምከር የነበረባችሁ ትናንት ማታ ነበርም አለን። መልስ አልነበረንም፤ ለዓመታት የሰጠነው ምክር ለመረብ የማይሠራ መሆኑን የተረዳነው በዚያች ማለዳ ነው።

ሁለተኛው አስጋሪ መረቡን ከአፉ ርቆ፣ ጥልቀት ባለው ውሃ ላይ ጥሏል። ያገኘው ቁጥሩ አነስ ያለ ነው፤ ከመካከሉ ግን እንቁላል የያዘው ጥቂት ነበር። በዚያ ቀን የበለጠ ገንዘብ ይዞ የገባው የመጀመሪያው እንደ ነበር መደበቅ አይገባም። ሩዙ በጎርፍ ተኝቷል፣ በጎተራውም እህል አልቆበታል። የልማት ሠራተኛው ይህን ሰው ሊያነጋግር ሲሄድ ይህን አውቆ መሄድ ይኖርበታል።

3. ዓሣው በክረምት ወደ ወንዝ አፍ ለምን ይመጣል?

ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን አማካይ ጥልቀቱ ግን 8 ሜትር፣ ከፍተኛውም 14 ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛውን ውሃ የሚያገኘው ከግልገል ዓባይ፣ ከጉማራ፣ ከርብና ከመገጭ ነው። ከአራቱ ሁለቱ፣ ማለትም ጉማራና ርብ፣ ወደ ሐይቁ የሚገቡት የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ነው። በሐይቁ ለገበያ የሚውሉት ዋና ዋና የዓሣ ዓይነቶች ሦስት ሲሆኑ፣ የክረምት ጠባያቸው ይለያያል።

ሀ/ ነጭ ዓሣ፦ በጣና ከ15 የማያንሱ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከዚህ ሐይቅ በቀር አይገኙም። ከእነዚህ ቢያንስ 7ቱ በክረምት ወደ ወንዝ ይወጣሉ። እንቁላላቸው ጥሩ አየር ያለው፣ ፈጥኖ የሚወርድና ጠጠር ያለበት ውሃ ስለሚፈልግ፣ ከጭቃማው ሜዳ አልፈው እስከ ላይኞቹ ገባሮች ይጓዛሉ። ጉዞው በሐምሌ ጀምሮ እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ ሲሆን በነሐሴና በመስከረም ይበረታል። ከመውጣታቸው አስቀድሞ በወንዙ አፍ ስለሚሰበሰቡ አንድ መረብ ብዙ እናቶችን በአንድ ሌሊት ይይዛል።

ለ/ አምባዛ፦ ጎርፍ ሜዳውን ሲሸፍን ወደ ሣሩ ገብቶ እንቁላሉን በተጥለቀለቀው ሣር ላይ ይጥላል። በዚህ ጊዜ ጥልቀት በሌለው ውሃ በቀላሉ ይያዛል።

ሐ/ ቀረሶ፦ በዳርቻው ጥልቀት በሌለው፣ ደንገልና ሣር ባለበት ውሃ ይራባል። እናቲቱ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። በመሆኑም ደንገሉን መንጥሮ ሩዝ የሚዘራ ሰው የቀረሶን መራቢያ አብሮ ያርሳል። ይህ በቀጥታ የእኛን የሰብል ባለሙያዎችን ሥራ የሚመለከት ነው።

4. እስካሁን ምን ደረሰ?

በጣና ለብዙ ዘመን በደንገል ታንኳ ሲያሰግር የኖረው፣ በታንኳ አሠራርም የሚታወቀው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በመንግሥት፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና በአንድ የኔዘርላንድ ግብረ ሠናይ ድርጅት ትብብር ባለ ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ለአስጋሪዎች ቀረበ። የዓመቱ ምርት እ.ኤ.አ. በ1987 ከነበረበት 39 ቶን በ1997 ወደ 360 ቶን ከፍ አለ። ይህ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል።

ይሁን እንጂ በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል፣ በባሕር ዳር በኩል በተደረገው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከነበረው ጋር ሲነጻጸር፣ ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ የነጭ ዓሣ መጠን በክብደት በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ለዚህ ዋናው ምክንያት ተብሎ የተመለከተው ለመራባት በወንዝ አፍ የተሰበሰበውን ዓሣ በመረብ መያዝ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ ርካሽ የሞኖፊላመንት መረብ ተስፋፍቷል። እምቦጭም ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሰሜንና የምሥራቅ ዳርቻውን እየሸፈነ አስጋሪውን ወደ ጠበበ ቦታ ገፍቶታል። በላይኛው ተፋሰስም አሸዋ ማውጣት፣ ውሃ መጥለፍና በብርብራ ፍሬ ዓሣ ማደንዘዝ መራቢያውን ይጎዳሉ።

እንግዲህ ጥፋቱ የታንኳው ነው ማለት አይቻልም። ታንኳ ነዳጅ አይፈልግም፣ የሚይዘው መረብም ውስን ነው። ነገር ግን ብዙ ትንንሽ ታንኳዎች በአንድ የወንዝ አፍ ላይ በአንድ ሌሊት ሲሰለፉ ውጤቱ ከትልቅ ጀልባ አይተናነስም።

5. ምን ይደረግ?

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል። ሆኖም አዋጅ ማታ ማታ ሐይቅ ላይ ቆሞ አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው የአስጋሪው ስምምነት ነው። ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን።

ሀ/ የወንዝ አፍን መተው፦ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ መስከረም መጨረሻ በጉማራና በርብ አፍ፣ እንዲሁም በወንዞቹ ውስጥ መረብ ባይጣል። የሚተወውን ቦታ ወሰን ወረዳውና አስጋሪዎቹ አብረው በቦታው ተገኝተው ይወስኑ። ምልክቱ ከታንኳ ላይ የሚታይ፣ ለምሳሌ ታዋቂ ዛፍ ወይም የተተከለ ረጅም ምሰሶ ይሁን።

ለ/ የመረብ ቀዳዳን መለካት፦ ቀዳዳው ተወጥሮ ሲለካ ከ10 ሴንቲ ሜትር ባያንስ እንመርጣለን። የልማት ሠራተኛው በ10 ሴንቲ ሜትር የተቆረጠ እንጨት ቢይዝ ክርክር ይቀራል። መለኪያው የሚያገለግለው መረብ ከመገዛቱ በፊት ነው፤ ከተገዛ በኋላ አስጋሪውን ዕዳ ውስጥ መክተት ይሆናል።

ሐ/ በክረምት ወደ መንጠቆ ማዘንበል፦ በመንጠቆ የተያዘ ዓሣ ብዙ ጊዜ በሕይወት ስለሚገኝ እንቁላል ያለውን መልቀቅ ይቻላል። “መልሱ” የሚለው ምክር የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

መ/ የተያዘውን አለማበላሸት፦ መረቡ ጎሕ ሲቀድ ይነሣ። የዓሣው ሆድ ዕቃ ወዲያው ወጥቶ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፣ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ በጥላ ይቀመጥ። በክረምት ፀሐይ ስለማይገኝ ዓሣ ማድረቅ አስቸጋሪ ነው፤ ሳይዘገይ ወደ ወረታ ማድረስ ይሻላል። ከዐሥር ዓሣ ሦስቱ የሚበላሽበት ሰው ሦስቱን ቢያድን ሦስት ተጨማሪ መያዝ አያስፈልገውም።

ሠ/ የነሐሴ መጠባበቂያ፦ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ነሐሴ ሩዙ በአረም ላይ የሚገኝበት፣ አዝመራው ገና ሩቅ የሆነበት ወር ነው። በአንጻሩ በዐቢይ ጾም ዓሣ ፈላጊ ይበዛል፣ ዋጋውም ይሻላል። ማኅበሩ በዚያ ወቅት ከእያንዳንዱ ኪሎ ጥቂት ገንዘብ በአባሉ ስም ያስቀምጥ። ለምሳሌ ከኪሎ 5 ብር ተቀምጦ አባሉ 300 ኪሎ ቢያስረክብ 1,500 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ በሐምሌና በነሐሴ ለአባሉ ይመለስለት። ያለ እንዲህ ዓይነት መጠባበቂያ የወንዝ አፍን ተው ማለት ልጆችህን አስርብ እንደማለት ይቆጠራል፣ ማንም አይሰማውም።

ረ/ ዳርቻውን መጠበቅ፦ ከሐይቁ ጠርዝ ያለው ደንገል ለሩዝ እንዳይመነጠር ማስተማር። ደንገል የቀረሶ መራቢያና የታንኳ መሥሪያ ነው።

6. በክረምት ለሕይወት የሚደረግ ጥንቃቄ

- ነፋስና ነጎድጓድ የሚበዛው ከሰዓት በኋላና ሌሊት ስለሆነ፣ መረብ የሚጥለው ሰው ደመናውን አይቶ በጊዜ ይመለስ።
- ደንገል ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል። ታንኳው ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ከውሃ ወጥቶ ይቁም፤ የላላው ማሰሪያ ይጠበቅ።
- ብቻ አለመውጣት፤ ሁለት ታንኳ እየተያዩ ይሂዱ። ባዶ የተከደነ ጀሪካን ታንኳው ላይ ቢታሰር በአደጋ ጊዜ ሰውን ያንሳፍፋል።
- ባለ ሞተር ጀልባ በቅርብ ሲያልፍ ታንኳውን ከማዕበሉ ጋር ጎን ለጎን ሳይሆን ፊቱን ወደ ማዕበሉ ማዞር።
- ጉማሬ ካለበት የደንገል ጥግ በጨለማ አለማለፍ።

7. ማጠቃለያ

ወደ ወንዙ አፍ የምትመጣው ነጭ ዓሣ የሚቀጥሉትን ዓመታት መረብ በሆዷ ይዛ ነው። ማለዳ ላይ ካገኘናት ግን ጊዜው አልፏል፣ ሞታለች። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው አስጋሪውን የሚያነጋግርበት ሰዓት ማታ ታንኳው ከዳር ሳይለቅ፣ የሚያነጋግርበትም ወቅት በዐቢይ ጾም ገንዘብ በእጁ ሳለ ነው። እኛ በነሐሴ ማለዳ ሄደን ዘግይተናል፤ እናንተ አትዘግዩ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ በነሐሴ መረብ የሚጣለው የት ነው? ቦታውን መሬት ላይ ሥላችሁ ተወያዩ።
2. ማኅበራችሁ ለክረምት መጠባበቂያ ከየትኛው ወር ጀምሮ ሊያስቀምጥ ይችላል?
3. የወንዙን አፍ የእናንተ አባላት ቢተዉ፣ አባል ያልሆነው እንዲተው እንዴት ትስማማላችሁ?