የጋፋት እቶን፣ የጋፋት ቤት

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ ያለው ጋፋት ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያወራው አፄ ቴዎድሮስ ስላሠሩት መድፍ፣ ስለ ሴባስቶፖል ነው። መድፉን ያቀለጡት ሰዎች ግን ሚሲዮናውያን ነበሩ። ወንጌል ሊያስተምር የመጣ ሰው እንዴት መድፍ ሠሪ ሆኖ ይቀራል?

አዛውንቱ፦ ነገሩ የሚጀምረው ከአገባባቸው ነው፣ ልጄ። ከስዊዘርላንዷ ባዝል አጠገብ ቅድስት ክሪሾና የሚባል ማሠልጠኛ ነበር፤ ስፒትለር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1840 ያቋቋመው። የስፒትለር ሐሳብ ሚሲዮናዊ ደመወዝተኛ ቄስ መሆኑ ቀርቶ በእጁ ሥራ እያደረ፣ ከጎረቤቱ ጋር እየኖረ ያስተምር የሚል ነው። ስለዚህ የሚልካቸው ካህናት አልነበሩም፤ የእጅ ሙያ ያላቸው ተራ የመንደር ልጆች ነበሩ። ወደ እኛ አገር የመራቸው ደግሞ ሳሙኤል ጎባት ነው። ጎባት በ1822 ዓ.ም. ራሱ ጎንደር ድረስ መጥቶ ያስተማረ፣ ኋላም በኢየሩሳሌም የአንግሊካን ጳጳስ የሆነ ሰው ነው። አፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. እንደ ነገሡ ክራፕፍና ፍላድ የተባሉ ሚሲዮናውያንን ላከባቸው። ንጉሡና አቡነ ሰላማ ነገሩን በደንብ መረመሩት፤ አቡኑ በልጅነታቸው ካይሮ በሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት የተማሩ ስለሆኑ ማንነታቸውን ያውቁታል። የተሰጠው መልስ የማያሻማ ነበር፦ ባለ ሙያ ይግባ፣ የተዋሕዶን ምእመን የሚያስኮበልል ሰባኪ ግን አይግባ። ቤተ እስራኤልን ማስተማር ተፈቀደ፤ የሚያምን ቢገኝ ግን የሚጠመቀው በተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ነው ተባለ። እነሱም ተቀብለው ከ1848 ዓ.ም. ጀምሮ እየተከታተሉ ገቡ። እኔ የምለው እንግዲህ ይህ ነው፦ በሩን የከፈተላቸው ሙያቸው ነው፤ መውጫውን የዘጋባቸውም ያው ሙያቸው ነው። ዋጋውን የከፈለው ደግሞ ባለ ሙያው ብቻ አይደለም፤ ሚስቱና ልጆቹም ጭምር ናቸው።

ጠያቂ፦ ይህ ግን እነሱን ምስኪን አያስመስላቸውም? ንጉሡ ብርም፣ በቅሎም፣ የክብር ልብስም ይሸልሟቸው ነበር ይባላል። የፋርጣ ገበሬ ያላየውን ምቾት አይተዋል።

አዛውንቱ፦ አይተዋል፤ አልክድም። እንዲያውም ከምቾቱ ይልቅ ክብሩ የበለጠ ይገርመኛል። በእኛ ደጋ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ስሙ በቡዳ የሚነሣበት፣ ከሰው ማዕድ የሚገለልበት ዘመን ነው። አፄ ቴዎድሮስ ግን እሳትና ብረት የሚነካን ሰው ሐር አለበሱት፣ በአጌጠች በቅሎ ላይ አስቀመጡት። ይህን ያደረገ ንጉሥ ከእሳቸው በፊት ማን ነበር? ሆኖም ሽልማቱ እየጨመረ ሲሄድ ትእዛዙ ምን እየሆነ እንደ ሄደ ተመልከቺ። መጀመሪያ መንገድ ጥረጉ ተባሉ፤ ደብረ ታቦርን ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከመቅደላ የሚያገናኝ፣ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ የሚሠሩት መንገድ። ከዚያ የጦር መሣሪያ ጥገና መጣ። ከዚያ መድፍ አቅልጡ ተባሉ። ከእነሱ አንዱ የነበረው ዋልድማየር ትዝታውን ሲጽፍ መጀመሪያ ላይ አንችልም ብለው እንደ ነበር ይናገራል፤ ከመካከላቸው መድፍ አቅልጦ የሚያውቅ አልነበረምና። አንችልም የሚለው ቃል ግን በጋፋት ዋጋ አልነበረውም። የሸክላ እቶን ሠሩ፣ ወናፍ አስነፉ፣ ከሽፎባቸው እንደገና ጀመሩ፤ በመጨረሻ ተሳካላቸው። አየሽ፣ አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ባይሳካላቸው ኖሮ ምናልባት ይሰናበቱ ነበር። አንዴ ከተሳካላቸው በኋላ የትኛው ንጉሥ ይለቃቸዋል? እያንዳንዱ የተሳካ ሥራ የሚቀጥለውን ከባድ ትእዛዝ ይጠራል፤ የማስተማሪያው ሰዓትም በዚያው ልክ እያነሰ ይሄዳል። በጋፋት ለልጆች ፊደል የሚያስቆጥሩበት፣ ንጉሡ የላኳቸውን ወጣቶችም ሙያ የሚያለማምዱበት ትምህርት ቤት ነበር። ጉልበቱንና ቀኑን የሚወስደው ግን እቶኑ ነው።

ጠያቂ፦ ሚስቶቹስ? ስለ እነሱ የሚጻፍ ነገር አላገኘሁም።

አዛውንቱ፦ ብዙም አልተጻፈም፤ የዚህ ታሪክ ትልቁ ጉድለትም እሱ ነው። ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ያገባው ሱዛን ቤልን ነው። አባቷ ጆን ቤል የንጉሡ ሊቀ መኳስ የነበረ፣ በ1853 ዓ.ም. ለንጉሡ ሲዋጋ የሞተ እንግሊዛዊ ነው፤ እናቷ ኢትዮጵያዊት ናት። እንዲህ ያለ ጋብቻ ለሚሲዮናዊው ቋንቋ ነው፣ ዘመድ ነው፣ የአገሩን ወግ ማወቂያ ነው። በ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከጉና ተራራ በሚወርደው ብርድ፣ እህል በድንጋይ ወፍጮ እየተፈጨ የሚበላበት ቤት አስቢ። የሠራተኛው፣ የተማሪው፣ የእንግዳው እንጀራ ሁሉ ከአንድ ጓዳ ነው የሚወጣው፤ ያ ጓዳ ካልቆመ የስፒትለር ሐሳብ ወረቀት ላይ ይቀራል። ሌላዋ ፓውሊና ናት፣ የፍላድ ሚስት። ኢየሩሳሌም በዲያቆናዊትነት ታገለግል የነበረች ጀርመናዊት ናት፤ ከባሏ ጋር ደምቢያ ውስጥ ጀንዳ ላይ በቤተ እስራኤል መካከል ኖራለች። ፍላድ በእቶኑ ሥራ አልገባም፤ ማስተማሩን ይዞ ቀረ። እሱም ቢሆን አላመለጠም። በሚያዝያ 1858 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ከእንግሊዝ ባለ ሙያና መኪና እንዲያመጣ ሲልኩት ፓውሊናና ልጆቿ በመያዣነት እዚሁ ቀሩ። ዓመት አልፎት ተመለሰ። የእንግሊዝ መንግሥት ያሰናዳቸው ባለ ሙያዎች ከምጽዋ አላለፉም፤ ፍላድ ይዞ የመጣው ንጉሡ ያሰሯቸው አውሮፓውያን ይፈቱ የሚል ቃል ብቻ ነበር። እንዲያም ሆኖ ተመለሰ። ለንደን ላይ ቢቀር ማን ይዞ ያመጣው ነበር? የአንድ ሚሲዮናዊ ቤተሰብ በሰው አገር ምን ማለት እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ አላውቅም። ቤተሰቡ የቤት ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ራሱን ይዞ መጥቷል፤ ጊዜው ሲከፋ ደግሞ ለባለ አገሩ ዋስ የሚሆነው ያ ራሱ ነው።

ጠያቂ፦ ታዲያ ጥፋቱ የንጉሡ ነው ሊሉኝ ነው?

አዛውንቱ፦ እንደሱ አላልኩም። ውሉን ያፈረሰው ማን እንደ ሆነ ብትጠይቂኝ መጀመሪያ የምጠራው ንጉሡን አይደለም፤ ስተርንን ነው። የሚሲዮናዊ ሌላው ሥራ መጻፍ ነው። ገንዘብ የሚሰጠው ምእመን ባሕር ማዶ ነውና ደብዳቤና ዘገባ ይጠብቃል፤ ዘገባው ደግሞ አስደናቂ ሲሆን ይወድዳል። ሄንሪ ስተርን ከለንደን የአይሁድ ሚሲዮን ተልኮ የመጣ ሰው ነው፤ ስለ ቤተ እስራኤል ጉዞው እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው መጽሐፍ የንጉሡን እናት ኮሶ ሻጭ ብሎ ጻፈ። የሰለሞን ዘር ነኝ ብሎ የነገሠ ሰው ፊት! መጽሐፉን እዚህ ማንም አያነበውም ብሎ ሳይሆን አይቀርም። ተነበበ። በጥቅምት 1856 ዓ.ም. ተገረፈ፣ ታሰረ፤ ባልደረባው ሮዘንታልም ከነሚስቱ በመከራው ገባ። ንጉሡ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ያለ መልስ መቅረቱ ቁጣውን አባብሶታል፤ ያኛው የቆንስሎችና የሚኒስትሮች ጥፋት ነው። የስተርን ጥፋት ግን የሙያው ጥፋት ነው፦ እንጀራውን እየበላ የሚኖርበትን ሕዝብ ለሌላ ሕዝብ መሸጥ። ጋፋቶቹ ይህን አላደረጉም፤ ሆኖም በስተርን ምክንያት የመጣው ጥርጣሬ ለእነሱም ተረፋቸው። በ1859 ዓ.ም. ከጋፋት ተነሥተው በንጉሡ ዐይን ሥር፣ ደብረ ታቦር እንዲቀመጡ ተደረገ።

ጠያቂ፦ እኔ ግን አሁንም አልተዋጠልኝም። ሚሲዮናዊ ቀድሞ ይገባል፣ ወታደር ይከተላል ይባላል። በመቅደላ የሆነውስ ይኸው አይደለም? መጻሕፍቱ ተዘረፉ፣ ታቦታቱ ተወሰዱ።

አዛውንቱ፦ ከባዱን ጥያቄ አሁን ጠየቅሽ። በሐሳብ ደረጃ ከሆነ ክሱ አይጸናም። ጋፋቶቹ አብዛኞቹ የስዊዘርላንድና የደቡብ ጀርመን ሰዎች ናቸው። ስዊዘርላንድ ቅኝ ግዛት ኖሯት አያውቅም፤ ጀርመንም ገና አንድ አገር አልሆነችም። እነዚህ ሰዎች የሠሩት መድፍ የታሰበው ለኢትዮጵያ ንጉሥ ነው፤ ይህ ከስለላ ጋር እንዴት ይገጥማል? በውጤት ደረጃ ከሆነ ግን ክሱ ይጸናል፤ ልሸፋፍንልሽ አልፈልግም። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ከ13 ሺህ በላይ ወታደርና ዝሆኖች ይዞ ዙላ ላይ ያረፈው አውሮፓውያን እስረኞችን ላስፈታ ብሎ ነው። አውሮፓውያን ባይኖሩ ሰበቡ አይኖርም ነበር። ስለዚህ ንጹሕ ልብ ይዞ የሰው አገር የሚገባ ሁሉ፣ ከኋላው ያለው ኃያል መንግሥት በእሱ ስም ምን ሊያደርግ እንደሚችል ማሰብ ነበረበት። አላሰቡም። አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ ባለ ሙያዎቹም አብረው ተጓዙ፤ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ገደሉ ላይ መንገድ እየተፈለጠለት እስከ መጋቢት ድረስ አምስት ወር ተኩል ያህል ፈጀ። አሮጌ በተባለው ቦታ ከእንግሊዞች ጋር በተደረገው ውጊያ ግን መድፉ ለንጉሡ የፈየደው የለም። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን ሞቱ። መድፉ ዛሬም መቅደላ አለ፤ ቤተሰቦቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ።

ጠያቂ፦ ይህን ሁሉ ሠርተው ታዲያ ምን ተረፈ?

አዛውንቱ፦ ከእቶኑ ምንም። ይህን የምለው ተማሪዎቹ ሰነፎች ስለ ነበሩ አይደለም፤ ሥራው የቆመው በአንድ ንጉሥ ፍላጎት ላይ ስለ ነበረ ነው። ገበያ አልነበረውም፤ ማረሻና ማጭድ አልሠራም፤ ንጉሡ ሲሄዱ አብሮ ሄደ። የተረፈው ማንም ያላዘዘው ነገር ነው። ፍላድ ቤት ያደገው ሚካኤል አራጋዊ ቅድስት ክሪሾና ሄዶ ተማረ፤ ተመልሶም ዕድሜውን በቤተ እስራኤል መካከል በማስተማር ፈጸመ። ዋልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄዶ ብሩማና በምትባል የተራራ መንደር እ.ኤ.አ. በ1873 ትምህርት ቤት መሠረተ፤ በስተርጅናውም በዚያው አገር የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እንዲቆም አደረገ። ደግሞ ስሚ፦ ይህ መድፍ ያቀለጠ ሰው በሊባኖስ ከኩዌከሮች ማኅበር ገባ፤ ጦርነትን ጨርሶ ከማይቀበሉት ክርስቲያኖች ጋር ማለት ነው። ምክንያቱን ከጋፋት ጋር አያይዘሽ ብትገምቺ አልከለክልሽም።

ጠያቂ፦ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ዛሬም ከእኛ አገር ወደ ውጭ ለወንጌል የሚሄዱ ቤተሰቦች አሉ፤ ብዙዎቹም በመምህርነት፣ በሐኪምነት ወይም በንግድ ነው የሚገቡት። የጋፋት ነገር ለእነሱ አትሂዱ የሚል ነው?

አዛውንቱ፦ አይደለም። ሙያ በር መሆኑ ክፉ አይደለም። በዚሁ በደብረ ታቦር፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን፣ አድቬንቲስቶች ሆስፒታል ከፍተው አክመዋል፤ የታከመው ሰው ሃይማኖቱን ሳይለውጥ ድኖ ወደ ቤቱ ሄዷል። ልዩነቱ የት ላይ ነው? ሐኪሙ የሚሠራው ለታማሚው ነው፤ ጋፋቶቹ የሚሠሩት ለንጉሡ ነበር። ሙያው በሕዝቡ መካከል ለሕዝቡ ሲሆን መምህሩ በሄደ ጊዜ እንኳ የሚረከበው ይገኛል። ስለዚህ የሚሄደው ቤተሰብ ከመነሣቱ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ የምሠራው ለማን ነው? ባለ አገሩ ቢቆጣ መያዣ የሚሆነው ማን ነው? የሁለተኛው መልስ ሚስቴና ልጆቼ ከሆነ እነሱን ሳያማክር አይወስን። ፓውሊናን ማን እንዳማከራት በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብኩም። አንቺም ስለ ጋፋት የምትጽፊ ከሆነ የመድፉን ክብደት ለሌሎች ተዪላቸውና ስለ ሱዛንና ስለ ፓውሊና ጻፊ።