ከጋዝ፣ ከኤሌክትሪክና ከኢንዳክሽን ምድጃ የትኛው ይመረጣል?

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤት የሚኖርና ወጡንም ቡናውንም በሸክላ የሚያዘጋጅ ቤተሰብ የትኛውን ምድጃ ቢገዛ ይሻላል?

መልስ፦ ምርጫው የሚጀምረው ከድስቱ ነው። ኢንዳክሽን የሚባለው ምድጃ ከመስታወቱ ሥር ባለው የመዳብ ጥቅል ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ ፈጥሮ የድስቱን መቀመጫ በቀጥታ የሚያግል በመሆኑ፣ ኃይል ቆጣቢና ፈጣን ቢሆንም የሚሠራው ማግኔት በሚስበው ዕቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ጀበናም ሆነ ሸክላ ድስት፣ እንዲሁም በየቤቱ የሞላው የአሉሚኒየም ድስት፣ በተለመደው ኢንዳክሽን ላይ አይግሉም፤ ይህን ሳያውቁ ምድጃውን መግዛት የሚያሳዝን ኪሳራ ነው። ሪዚስታንስ በተባለ የሚግል ሽቦ የሚሠራው ተራ የኤሌክትሪክ ምድጃ ግን ቀስ ብሎ ቢግልም ዕቃ አይመርጥም።

በሲሊንደር የሚሸጠው ጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን የተባሉ፣ በግፊት ወደ ፈሳሽነት የተለወጡ ጋዞች ሲሆን፣ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ቢሆንም ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይጠራቀማል፤ ነበልባሉም መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ ማድቤት ውስጥ አየሩን ይበክላል።

በመሆኑም ለዚህ ቤተሰብ ተራው የኤሌክትሪክ ምድጃ ዋና፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ደግሞ መጠባበቂያ ቢሆን ይመረጣል። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ሊስብ ስለሚችል ከምድጃው ጋር በአንድ ሶኬት አይሰካ። ጋዝ ከሸተተም መብራት ሳይበራና ሳይጠፋ፣ ክብሪትም ሳይጫር፣ የሲሊንደሩ መዝጊያ ይዘጋ፤ መስኮትና በር ይከፈት፤ ሰዎችም በአስቸኳይ ይውጡ።