ልጆቻችን በቀን ስንት ደቂቃ ይሮጣሉ?

ዛሬ ስለ ልጆችና ወጣቶች የሰውነት እንቅስቃሴ ትንሽ እንጨዋወት።

ተወልጄ ያደግሁት ቢቸና ነው፤ አሁን የምሠራው ሞጣ። ወላጆች ልጅ ይዘው ሲመጡ «አልበላ አለኝ»፣ «ያስለዋል»፣ «ያተኩሰዋል» ይሉኛል። «ልጄ አይሮጥም» ብሎ የመጣ ወላጅ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። እንዲያውም ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ የሚውል ልጅ «ጨዋ ነው» ተብሎ ይመሰገናል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ የልብ ምትን የሚጨምር እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል። ቢያንስ በሳምንት 3 ቀን ደግሞ እንደ ሩጫና ዝላይ ያለ ጠንከር ያለ፣ ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር ነገር ይኑርበት። 60 ደቂቃው ባንዴ ካልሆነ አይባልም፤ ጠዋት 20፣ እረፍት ሰዓት 20፣ ማታ 20 ቢሆን ያው ነው። መለኪያውም ቀላል ነው። ልጁ እየተንቀሳቀሰ ማውራት ችሎ መዝፈን ካቃተው መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ሁለት ሦስት ቃል ተናግሮ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ካለ ጠንካራ ነው።

ችግሩ የኛ ብቻ አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ የ146 ሀገራት ጥናት ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ ተማሪዎች 81 በመቶው ይህን ያህል እንደማይንቀሳቀሱ አሳይቷል። ከወንዶች 78፣ ከሴቶች 85 በመቶ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። ከገጠር ቀበሌ አንድ ሰዓት በእግሩ ተጉዞ የሚማር፣ ሲመለስ ከብት የሚያግድ፣ ውኃ የሚቀዳ ልጅን «ስፖርት ሥራ» ብለው ይስቅብኛል፤ እውነቱንም ነው። ለሱ የሚያስፈልገው በቂ ምግብና እረፍት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የከተማው ልጅ ነው፤ በባጃጅ ሄዶ በባጃጅ የሚመለስ፣ ከትምህርት በኋላ ቱቶሪያል የሚገባ፣ ከዚያ ስልክ ላይ የሚያመሽ። ሌላው ደግሞ ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ጎረምሳ ነው። ትናንት ዳገት ሲወጣ ሲወርድ የነበረ ልጅ ዛሬ በጠባብ ክፍል ተቀምጦ ስንቁን እየበላ ያጠናል። ለውጡ ድንገተኛ ነው፤ ማንም ልብ አይለውም።

«ፈተና ደርሷል፣ ምን ጨዋታ አለ» የሚሉ ወላጆች አሉ። የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ጭንቀት ይገባኛል፣ አልፌበታለሁ። ግን እንቅስቃሴ እንቅልፍን ያስተካክላል፣ ትኩረትንም ያግዛል። ከ45 ደቂቃ ጥናት በኋላ 10 ደቂቃ ገመድ ቢዘል ከጥናቱ የሚቀነስበት ነገር የለም። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ትምህርት የተቋረጠባቸው ብዙ ልጆችም አሉ፤ ትምህርት ሲቋረጥ የስፖርት ክፍለ ጊዜውም፣ የእረፍት ሰዓት ሩጫውም አብሮ ቀርቷል። ደጅ መውጣት በሚያሰጋበት ጊዜ ግቢ ውስጥ ሱዚ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ የካልሲ ኳስ ይበቃል። ክረምት ላይ ቤት ውስጥ እስክስታ አለ። የጎጃም እስክስታ ሩብ ሰዓት ሲወረድ ምን ያህል እንደሚያልብ የሞከረው ያውቀዋል!

ስለ ሴት ልጆች ትንሽ ልቆይ። 12፣ 13 ዓመት ሲሞላት «አድገሻል፣ መሯሯጥ ይቅርብሽ» ትባላለች። ልክ በዚያ ሰዓት ግን አጥንቷ እየተገነባ ነው። የአንድ ሰው አብዛኛው የአጥንት ክምችት እስከ 20 ዓመት አካባቢ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የምንኖረው በተጠራቀመው ነው። አጥንት ደግሞ ከምግቡ በተጨማሪ ክብደት ሲያርፍበት፣ ሲዘለልበት ነው የሚጠነክረው። ስለዚህ ሱዚ የልጅ ጨዋታ ብቻ አይምሰላችሁ። በወር አበባ ጊዜ መሮጥም ጉዳት የለውም፤ ለብዙዎች ቁርጠቱን ያቀልላቸዋል። ሞዴስ ከሌላት ግን ራሷ ነች የምትቀረው። አባቶች፣ ይሄ እናንተንም ይመለከታል።

ሁለት ጥንቃቄዎች። አንደኛ፣ ልጆች ጫማ አድርገው ይጫወቱ፣ ማታ እግራቸውን በሳሙና ይታጠቡ። በእኛ አካባቢ የምናየው የእግር እብጠት፣ ዝሆኔ የምንለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ለዓመታት ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው፤ እርግማንም አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ሁለተኛ፣ የሚጾም ልጅ ጠንካራ ሩጫውን ከበላና ውኃ ከጠጣ በኋላ ያድርገው።

በመጨረሻ፣ ልጁ ከእኩዮቹ ጋር መሮጥ አቅቶት ቶሎ የሚቀመጥ ከሆነ «ሰነፍ» ከማለታችሁ በፊት አሳዩት። የደም ማነስ ሊሆን ይችላል። ሲሮጥ ራሱን ከሳተ፣ ደረቱን ካመመው፣ ትንፋሹ ከሌሎቹ በላይ ካጠረው ወይም እግሩ ካበጠ ደግሞ አትዘግዩ። በተለይ ጉሮሮውን ታሞ ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያው እየተዘዋወረ ካበጠና ካመመው፣ ልቡ ሳይመረመር ወደ ሩጫ አይመለስ። ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልብ ቫልቭን ሊጎዳ ይችላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ በሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ እንዳይባባስ ማድረግ ይቻላል።