የወፍጮው ጩኸት

ወፍጮ ለገጠር ኑሮ ትልቅ እፎይታ ነው። ወፍጮ በሌለበት እናቶችና እኅቶች በድንጋይ ይፈጫሉ፤ ወይም እህል ተሸክመው ሩቅ መንገድ ይሄዳሉ። ስለዚህ የሰፈራችን ወፍጮ ቢቆም የሚጎዳው ባለወፍጮው ብቻ አይደለም። ጉዳቱ የሁላችንም ነው።

ወፍጮ ግን ብዙ ጊዜ ድንገት አይቆምም። አስቀድሞ ይጮኻል። ጩኸቱን ለይተን ካወቅን ችግሩን በጊዜ እናስወግዳለን። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው።

ጩኸቱ ከየት ይመጣል?

ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያገናኘው የጎማ ቀበቶ ቺንጋ ይባላል። ቺንጋው በሁለት ፑሊዎች ላይ ይዞራል። ሞተሩ ሲነሣ ወይም እህል ሲጨመር «ሲጥ» የሚል ቀጭን ጩኸት ከተሰማ ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው። የሚንሸራተተው ብዙውን ጊዜ ስለላላ ወይም ስላለቀ ነው። የሚንሸራተት ቺንጋ ይግላል፤ ጎማ ጎማ ይሸታል። ናፍጣውም በከንቱ ያልቃል።

ከሞተሩ ውስጥ የሚንኳኳ ድምፅ ከተሰማ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቶሎ ሞተሩን አጥፍተን ባለሙያ እንጥራ።

አንዳንድ ሰዎች ጩኸቱን ለማስቆም ቺንጋውን ዘይት ይቀቡታል። ይህ ጥፋት ነው። ዘይት ጎማውን ያበላሻል፤ መንሸራተቱንም ያብሰዋል።

ቺንጋውን እንዴት እንለውጣለን?

1ኛ/ ሞተሩን እናጥፋ። ፑሊው ፈጽሞ እስኪቆም እንጠብቅ። ወፍጮው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ማብሪያውን አጥፍተን ሌላ ሰው እንዳያበራው አጠገቡ ጠባቂ እናቁም። የሚዞር ቺንጋ ጣት ይቆርጣል። ነጠላ ወይም ጋቢ ከያዘም ሰውን ጎትቶ ሊገድል ይችላል።

2ኛ/ ቺንጋውን እንመርምር። ከተሰነጠቀ፣ ክሩ ከወጣ ወይም ጎኑ እንደ መስተዋት ካብለጨለጨ ይለወጥ። ደኅና ሆኖ የላላ ብቻ ከሆነ ማጥበቅ ይበቃል።

3ኛ/ በቺንጋው ጀርባ ላይ የተጻፈውን እናንብብ። ለምሳሌ «ቢ» የሚባለው የፈረንጅ ፊደልና 68 የሚል ቁጥር ይኖርበት ይሆናል። ፊደሉ የቺንጋውን ስፋት፣ ቁጥሩ ርዝመቱን ያመለክታል። የፈረንጁን ፊደል ባናውቀው እንኳ ቅርጹን እንዳለ በወረቀት ላይ እንገልብጥ። ወረቀቱን ከተማ ለሚወርድ ሰው እንስጥ። ያረጀ ቺንጋ ስለሚለጠጥ በገመድ ለክቶ መግዛት ያሳስታል።

4ኛ/ ሞተሩን ከመቀመጫው ጋር ያሰሩትን ብሎኖች አላልተን ሞተሩን ወደ ወፍጮው እናስጠጋ። አሮጌውን ቺንጋ እናውጣ። በዚህ ጊዜ የወፍጮውን ፑሊ በእጃችን እናዙር። ከተንገጫገጨ ወይም ከተወዛወዘ ኩሽኔታውም አልቋል ማለት ነው፤ እሱም ይለወጥ።

5ኛ/ አዲሱን ቺንጋ በእጅ እናስገባ። በብረት ፈልቅቀን ብናስገባው የውስጡ ክር ይበጠሳል። ቺንጋዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ከሆኑ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይለወጡ። አዲሱ ከአሮጌው ጋር ቢቀላቀል ሸክሙ በአዲሱ ላይ ይወድቅና ቶሎ ያልቃል።

6ኛ/ ሞተሩን ወደ ኋላ ስበን ሁለቱ ፑሊዎች በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን በተወጠረ ገመድ እንይ። ከዚያ ብሎኖቹን እናጥብቅ። በፑሊዎቹ መካከል 1 ሜትር ያህል ርቀት ካለ፣ ቺንጋውን መካከሉ ላይ በአውራ ጣት ስንጫነው 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ዝቅ ይበል። ከመጠን በላይ ብናጠብቀው ኩሽኔታውን ይጎዳል።

7ኛ/ የቺንጋውን መከለያ ሳንመልስ ሞተሩን አናስነሣ። አዲስ ቺንጋ በሥራ ላይ ስለሚለጠጥ በማግስቱ ሞተሩን አጥፍተን እንደገና እንየው፤ ከላላ እናጥብቀው።

በመጨረሻም የቺንጋውን ፊደልና ቁጥር፣ የተለወጠበትንም ቀን በወፍጮ ቤቱ ደብተር ላይ እንጻፍ። በጀርባው ያለው ጽሑፍ በጊዜ ብዛት ይጠፋል፤ በደብተር የሰፈረው ግን ይቆያል። ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ጭምር ነው።

ጥያቄዎች

1. ቺንጋ ሲንሸራተት በምን እናውቃለን?
2. ቺንጋን ዘይት መቀባት ለምን ይጎዳል?
3. ቺንጋውን ከመንካታችን በፊት ምን ማድረግ አለብን?
4. በሰፈራችሁ ወፍጮ ቺንጋ ላይ ምን ተጽፏል? ሞተሩ ሲቆም አንብቡና በደብተራችሁ ጻፉ።