የሰቆጣ ማር ትርፍ በስፕሬድሺት ሲመረመር

በዋግ ኽምራ ገበሬው ጥሬ ገንዘብ ከሚያገኝባቸው ሸቀጦች ውስጥ ማርና ፍየል በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። ከሰቆጣ ማር ሰብስቦ በኮረም ወይም በላሊበላ አድርጎ ወደ ወልድያ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ የሚያወርድ ነጋዴ ሒሳቡን በደብተር ሊይዝ ይችላል። ይሁን እንጂ ደብተር ያለፈውን እንጂ የሚመጣውን አይናገርም። የጭነት ዋጋ ቢጨምርስ? የአዲስ አበባ ገበያ ቢቀዘቅዝስ? ስፕሬድሺት የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ጥቅሙ ለእንደነዚህ ያሉ ጥያቄዎች ነው።

ፕሮግራሙ የተፈለሰፈውም በዚሁ ችግር ምክንያት ነው። ዳን ብሪክሊን በሐርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በተጻፈ የሒሳብ ሠንጠረዥ አንዲት ቁጥር ስትለወጥ የቀረው ሁሉ ተደምስሶ እንደገና መሠራቱን ታዘበ። ከቦብ ፍራንክስተን ጋር በመሆን ቪዚካልክን እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ አቀረበ። ሎተስ 1-2-3 በ1983፣ ኤክሴል ደግሞ በ1985 ተከተሉት። በአገራችን የሒሳብ ሠራተኞች የሚያውቁት ፒችትሪ ከዚህ ይለያል። እርሱ አስቀድሞ የተዘጋጀ የሒሳብ መዝገብ ሲሆን፣ ስፕሬድሺት ግን ባለቤቱ እንደፈለገው የሚያሰምረው ባዶ ሠንጠረዥ ነው።

ሠንጠረዡ ወደ ጎን በቁጥር፣ ወደ ታች በላቲን ፊደላት የተሰየሙ መስመሮች አሉት። ሁለቱ የሚገናኙባት ሳጥን ሴል ትባላለች። በሴል ውስጥ ቁጥር፣ ጽሑፍ ወይም የእኩል ምልክት የሚቀድመው ቀመር ይገባል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማስተማሪያ የተመረጡ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ነጋዴው 1,000 ኪሎ ያልተጣራ ማር በኪሎ 400 ብር ይገዛል። ለጭነትና ለጫኝ አውራጅ 30,000፣ ለደላላ 10,000 ብር ይከፍላል። አዲስ አበባ ላይ ኪሎው 480 ብር ይሸጥለታል። በጭንቅላት ሲሰላ ትርፉ 40,000 ብር ነው፤ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ማሩ ሲጣራ ሰፈፉ ይወጣል። ጉድለቱ 8 በመቶ ቢሆን ለሽያጭ የሚቀርበው 920 ኪሎ ብቻ ነው፤ ገቢው 441,600፣ ትርፉም 1,600 ብር ይሆናል። ጉድለቱ 9 በመቶ ከደረሰ ደግሞ ነጋዴው 3,200 ብር ይከስራል።

ክብደቱ ቢ1፣ የመግዣ ዋጋው ቢ2፣ ጭነቱ ቢ3፣ ኮሚሽኑ ቢ4፣ ጉድለቱ ቢ5፣ የመሸጫ ዋጋው ቢ6 ላይ ከተጻፈ፣ የትርፉ ቀመር =ቢ1*(1-ቢ5)*ቢ6-ቢ1*ቢ2-ቢ3-ቢ4 ነው (ኮምፒውተሩ ላይ ፊደላቱ በላቲን ይጻፋሉ)። ከዚህ በኋላ 8 በመቶውን ወደ 9 መለወጥ ብቻ ይበቃል፤ ትርፉ ራሱን ያስተካክላል። ሰሙ ለጧፍ ሠሪዎች የሚሸጥ ከሆነም ሌላ መስመር ይጨመርለታል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው መስመር የገንዘብ ዋጋ ነው። 440,000 ብሩ በዓመት 18 በመቶ ወለድ የተበደረ ሆኖ ሁለት ወር ቢቆይ ወለዱ 13,200 ብር ነው፤ 1,600 ብሯ ትርፍ 11,600 ብር ኪሳራ ትሆናለች ማለት ነው።

ስሌቱን ገልብጦ መሥራትም ይቻላል። ወለዱን ለጊዜው ትተን፣ ነጋዴው በ8 በመቶ ጉድለት 30,000 ብር ማትረፍ ቢፈልግ ስንት መግዛት አለበት? ኤክሴል ጎል ሲክ በተባለው መሣሪያው 371 ብር ከ60 ሳንቲም ብሎ ይመልሳል። ሰቆጣ ላይ ለመደራደር የሚቆመው ሰው በእጁ ሊኖረው የሚገባው ይህ ቁጥር ነው። ሻጩ ከዚያ አልወርድም ካለ መተው ይሻላል።

ፕሮግራሙ ግን የተሰጠውን እንጂ የታሰበውን አያሰላም። በአንድ ሴል «400» በማለት ፈንታ «400 ብር» ብሎ የጻፈ ሰው ቁጥሩን ወደ ጽሑፍ ለውጦታል። የድምር ቀመሩ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይዘለዋል። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ደግሞ የባሰ ወጥመድ ነው። ጥቅምት 30ን 30/2/2016 ብሎ ለጻፈ፣ ኤክሴል የካቲት 30 የሌለውን የፈረንጅ ፌብሩዋሪ ስለሚያስብ ቀን አድርጎ አይቀበለውም። ጳጉሜን 3ን 3/13/2016 ሲሉትም ማርች 13 አድርጎ ሊመዘግበው ይችላል! ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች መጻፍ ከዚህ ጣጣ ያድናል።

ትላልቆቹም አልዳኑም። ጄፒ ሞርጋን የተባለው የአሜሪካ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2012 ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካጣ በኋላ ባወጣው ሪፖርት፣ የአደጋ መለኪያው በእጅ እየተገለበጠ በሚሞላ ስፕሬድሺት ይሠራ እንደነበርና በአንደኛው ቀመር በአማካይ ፈንታ በድምር መካፈሉን አምኗል።

ለዋግ ነጋዴ ኮምፒውተር የግድ አይደለም። ጉግል ሺትስ በስልክ ላይ በነፃ ይሠራል፤ ፋይሉ አስቀድሞ ከተዘጋጀ ኔትወርክ በሌለበትም ይከፈታል። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ሰቆጣ መድረሱን ለሚያስታውስ ሰው፣ የሒሳቡን ቅጂ በሌላ ከተማ ባለ ሰው እጅ ማኖር ለምን እንደሚያስፈልግ መንገር አያሻም።

የፍየል ሠንጠረዥ ትንሽ ይለያል። ጉድለቱ በኪሎ ብቻ ሳይሆን በራስም ይቆጠራል። እያንዳንዳቸው በ5,000 ብር ከተገዙ 50 ፍየሎች ሁለቱ መንገድ ላይ ቢሞቱ፣ የ250,000 ብሩ ወጪ ለ48ቱ ይካፈላል፤ የአንዱ መግዣ ዋጋ መኖና ጭነት ሳይታከልበት 5,208 ብር ከ33 ሳንቲም ይሆናል።